በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ

አያቴ እንቅርት ነበረባት። ከደሴ ወደ መካነ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን አቀስታን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንደ ወሬ የሚነገር ነገር አይደለም። ልጅ ሆኜ በገበያ ቀን አንገታቸውን በሻሽ ጠቅልለው የሚመጡ እናቶችን ሳይ ብርዱን ፈርተው ይመስለኝ ነበር፤ የደጋው ብርድ ደግሞ የሚያስፈራ ነውና ነገሩን ከዚያ በላይ አልመረመርኩትም። አያቴ ከሻሹ በታች ዙሪያውን የተነቀሰ አንገት ነበራት። ንቅሳቱንም ለጌጥ አድርጌ ወስጄው ኖሬ፣ አንድ ቀን ስጠይቃት «እንቅርቱ እንዳይወጣ ብለው ነው በልጅነቴ የነቀሱኝ» አለችኝ። ንቅሳቱም አለ፤ እንቅርቱም አለ።

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ የለም። የተረቱ ትርጉም እስከ ሥሩ የገባኝ ግን በአያቴ አንገት ሳይሆን ከአቀስታ በሺዎች ኪሎ ሜትር ርቆ በፈነዳ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ምክንያት ነው ብል አንባቢ ይገረም ይሆናል። እኔም ገርሞኛል። ያስገረመኝ ደግሞ አንድ ጎረቤታችን ነው።

ስሜ እንዳይጠቀስ ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። ጋሼ በ1976 ዓ.ም. ለነፃ ትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት ከሄዱት ወጣቶች አንዱ ነበሩ። በዚያ ዘመን በሺህ የሚቆጠር የኢትዮጵያ ልጅ ከሌኒንግራድ እስከ ታሽኬንት ድረስ ተበትኖ ይማር ነበር። የሳቸው ዕጣ ኪየቭ ሆነ፤ የዩክሬይን ዋና ከተማ። እዚያ በተቀመጡ በዓመታቸው ወሎ በ77ቱ ረሀብ ተመታች፤ ከቤት የሚመጣው ደብዳቤ እየቀጠነ ሄደ። በ1978 ዓ.ም. የሚያዝያ ወር ሐሳባቸው ሁሉ ወደ አገር ቤት እንደነበር ይናገራሉ፤ በልግ ዘንቦ ይሆን? ገብሱ በቅሎ ይሆን? አጠገባቸው ምን እንደተፈጠረ ለማየት ጊዜ አልነበራቸውም። ቢኖራቸውም የሚነግራቸው አልነበረም።

የሆነው እንዲህ ነው። ቅዳሜ ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 26 ቀን 1986)፣ በማግስቱ ሆሳዕና ሊሆን፣ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ23 ደቂቃ ላይ፣ ከኪየቭ በስተሰሜን በሚገኘው የቼርኖቢል ጣቢያ 4ኛው ሪአክተር በአንድ የደህንነት ሙከራ መሀል ከቁጥጥር ውጪ ሆነ። ኃይሉ በሰከንዶች ውስጥ ተተኮሰ፤ ከሺህ ቶን በላይ የሚመዝነው ክዳኑ ተገነጠለ፤ ጣራው ተበረቀሰ። በማገዶው ዙሪያ የነበረው ግራፋይት ተቀጣጠለ። ራቁቱን የቀረው የሪአክተሩ ልብ ለ10 ቀናት ወደ ሰማይ ሲተፋ ከረመ።

ምን ነበር የሚተፋው? እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ስለ ቼርኖቢል የሚወራው አብዛኛው ነገር ይህን እየዘለለ ነው የሚነጉደው። የሪአክተር ማገዶ ዩራኒየም ነው። የዩራኒየም አቶም ሲሰነጠቅ ሙቀት ይሰጣል፤ ውሃ የሚያፈላውና ተርባይን የሚያዞረው ያ ሙቀት ነው። እንጨት ሲፈለጥ ስንጣሪ እንደሚረግፍ ሁሉ ከተሰነጠቀው አቶምም ስንጣሪ ይወለዳል። ስንጣሪው ግን ዩራኒየም መሆኑ ቀርቶ ሌላ ነገር ሆኗል፤ አዮዲን ይሆናል፣ ሲዚየም ይሆናል፣ ስትሮንሺየም ይሆናል፣ ዜኖን ይሆናል። አብዛኛው መረጋጋት አያውቅም፤ ጨረር እየረጨ ነው ወደ ሰከነ ነገር የሚለወጠው። ጣቢያው በደህና ሲሠራ ይህ ሁሉ ከማገዶው ጋር በዚርኮኒየም ቱቦ ታሽጎ ይቀመጣል። ማገዶው ከልክ በላይ ሲግልና ሲቀልጥ ነው ጣጣው።

ቡና ሲቆላ ያየ ሰው ከዚህ በኋላ ያለውን ለመረዳት አይቸግረውም። ሽታው ከሁሉ ቀድሞ ወጥቶ ጎረቤት ይጠራል፤ ጢሱ ተከትሎት በበሩና በመስኮቱ ይሾልካል፤ ገለባው ከምድጃው ዙሪያ ይረግፋል፤ ፍሬው ምጣዱ ላይ ይቀራል። ሪአክተርም እንደዚሁ ነው። ዜኖንን የመሰሉት ጋዞች ከምንም ጋር የማይዋሃዱ ናቸውና እንደ ሽታው ነበሩ፤ ቼርኖቢል ውስጥ የነበረው ሁሉ ወጥቶ ሄደ፤ ከሰውም አካል ጋር ብዙ አልተገናኘም። በሙቀት በቀላሉ የሚተኑት አዮዲንና ሲዚየም ጢሱ ሆኑ፤ ከአዮዲኑ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ፣ ከሲዚየሙ ደግሞ ከአምስት እጅ አንዱ እስከ ሁለቱ አመለጠ። ስትሮንሺየም እንደነሱ በቀላሉ አይተንም፤ ጥቂት በመቶው ብቻ ወጣ። ፕሉቶኒየሙና ዩራኒየሙ በፍንዳታው ተፈናጥረው ካልሆነ በቀር ሩቅ የሚሄዱ አልሆኑም፤ አብዛኛው የወጣው እዚያው በጣቢያው አካባቢ ወደቀ።

አሁን ደግሞ ሚዛን ላይ እናስቀምጠው። ወጣ የተባለው ሲዚየም 137 ሁሉ ተጠራቅሞ ቢመዘን 27 ኪሎ ግድም ነው፤ አንድ ልጅ ይሸከመዋል። ራዲዮአክቲቩ አዮዲን 131 ደግሞ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ከሱቅ ከምንገዛው የጨው ከረጢት ያነሰ ማለት ነው! የሦስት ሪፐብሊኮችን ልጆች አንገት ያሳመመው ይህ ነው። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳሰላው የተሳሳትኩ መስሎኝ ደጋግሜ አስልቼዋለሁ።

ጢሱ የሚሄደው ነፋስ ወደመራው ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ቤላሩስ፣ ወደ ሊቱዌኒያና ወደ ስዊድን ነበር። ሰኞ ሚያዝያ 20 ቀን ጠዋት ከቼርኖቢል ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው የስዊድን ፎርስማርክ የኑክሌር ጣቢያ አንድ ሠራተኛ በመፈተሻው በር ሲያልፍ ማስጠንቀቂያው ጮኸ። ጨረሩ ጫማው ላይ ነበር። ስዊድኖቹ መጀመሪያ የገዛ ጣቢያቸውን ጠረጠሩ፤ ቆይቶ ነፋሱን ወደ ኋላ ሲከተሉት ሶቭየት ኅብረት አደረሳቸው። ሞስኮ የተናገረችው በዚያው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ዜና ላይ ነው፤ አደጋ ደርሷል፣ እርምጃ እየተወሰደ ነው፣ ኮሚሽን ተቋቁሟል በሚሉ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች። ጎርባቾቭ በቴሌቪዥን ቀርበው ለሕዝባቸው ሲናገሩ ግንቦት 6 ቀን ሆኖ ነበር፤ በ18ኛው ቀን መሆኑ ነው።

ከጣቢያው ሥር ያለችው የፕሪፕያት ከተማ 49,000 ያህል ሕዝብ በሆሳዕና ዕለት ከቀትር በኋላ በአውቶቡስ ተጭኖ ወጥቷል። ይህ አንድ ነገር ነው። ኪየቭስ? ነፋሱ በሚያዝያ 22 ግድም ዞሮ ወደ ኪየቭ ነፈሰ። ሚያዝያ 23 የሠራተኞች ቀን ነው፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ጸሎተ ሐሙስ ነበር። ሰልፉ አልቀረም። «እኛም ወጣን» ይላሉ ጋሼ። «ቀኑ ብራ ነበር። ሕፃናቱ አበባ ይዘው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። የኛ ሐበሾች ጭንቀት ፋሲካን ዶሮ ከየት አግኝተን እንውላለን የሚል ነበር።» ከበዓሉ በኋላ ቦቴ መኪኖች አስፋልቱን ሌት ተቀን ማጠብ ጀመሩ፤ መስኮት ዝጉ፣ ወለል በእርጥብ ጨርቅ ወልውሉ ተባለ፤ ባቡር ጣቢያው ልጆቻቸውን ይዘው በሚሸሹ እናቶች ተጨናነቀ። ጋሼ የነገሩን ክብደት የተረዱት ያኔ ነው።

ጉዱ ግን ይኸውላችሁ። አባታቸው አቀስታ ላይ ሆነው ከልጃቸው ቀድመው ሰምተዋል። እንደ ብዙው የዘመኑ ሰው ማታ ማታ በራፋቸውን ቆልፈው፣ ድምፁን ዝቅ አድርገው የውጭ ሬዲዮ የአማርኛ ስርጭት ያዳምጡ ነበር። ኪየቭ የሚለውን ስም ሲሰሙ ሌሊቱን ሳይተኙ አደሩ፤ ሲነጋም ደብዳቤ አጻፉ። ደብዳቤው ከወራት በኋላ ሲደርስ የሚለው እንዲህ ነበር፤ ልጄ ሆይ፣ ያለህበት አገር አየሩ ተመርዟል ይባላልና ወተት አትጠጣ። ወተት የሚለውን ሽማግሌው ከሬዲዮ ይስሙት ከራሳቸው ያመንጩት ጋሼ እስከ ዛሬ አያውቁም። ደብዳቤው እስኪደርስ ግን ሲጠጡ ከርመዋል፤ ለድሃ ተማሪ ከዳቦና ከወተት የረከሰ ምግብ አልነበረም።

የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው፤ ወተቱ ላይ። አዮዲኑ ሣር ላይ ያርፋል። ላም በቀን ውስጥ የምትግጠው ሣር ብዙ ነው፤ ሰው በእጁ ሊሰበስበው የማይችለውን ስፋት በምላሷ ትሰበስበዋለች። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ወተቷ ውስጥ ይገኛል። ወተቱን ከሁሉ በላይ የሚጠጣው ልጅ ነው፤ የልጅ ታይሮይድ የተባለው የአንገት ዕጢ ደግሞ ትንሽ ስለሆነ ያው መጠን በላዩ ላይ ይከብዳል። አዮዲን 131 በየ8 ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳልና ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ የለም ማለት ይቻላል። እንግዲህ ልጁን ለማዳን የሚያስፈልገው ተአምር አይደለም። ለጥቂት ሳምንታት ከላሟ ወተት ማራቅ ብቻ ነው።

ይህ ደግሞ በ1978 የተገኘ አዲስ ዕውቀት አልነበረም። መስከረም 30 ቀን 1950 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ዊንድስኬል በተባለ ቦታ ለቦምብ ፕሉቶኒየም የሚያመርት ሪአክተር ተቃጥሎ ነበር። ያመለጠው አዮዲን ከቼርኖቢሉ ሺህ እጥፍ ያህል ያነሰ ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ስለ አደጋው ብዙ ነገር ደብቋል፤ ወተቱን ግን አልደበቀም። በቀናት ውስጥ ወደ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሚሆን አካባቢ የሚታለበው ወተት እንዳይሸጥ ታግዶ ለሳምንታት ባሕርና ወንዝ ውስጥ ሲደፋ ከረመ። ከዚያ ወዲህ በሙያው ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ወተት የመጀመሪያው ጥያቄ ሆነ።

ፖላንድን ደግሞ እንመልከት። እሷም የሶሻሊስት አገር ነበረች፤ ከሞስኮም የነገራት አልነበረም። መለኪያዋ ሚያዝያ 20 ጠዋት ጨረሩን ሲያሳያት በማግስቱ ለልጆች የአዮዲን መድኃኒት ማደል ጀመረች፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ10 ሚሊዮን በላይ ልጆች ወሰዱ። በግጦሽ ላይ ያሉ ላሞች ወተት ለልጆች እንዳይሰጥ አግዳ የዱቄት ወተት አከፋፈለች። የመድኃኒቱ ሥራ ቀላል ነው፤ ደህነኛው አዮዲን ቀድሞ ዕጢውን ከሞላው መርዘኛው ማደሪያ ያጣል። እስከ አፉ የተሞላ እንስራ ተጨማሪ ውሃ አይቀበልም።

በቤላሩስና በሰሜን ዩክሬይን መንደሮች ያሉት እንስራዎች ግን ሙሉ አልነበሩም። ነገሬ እዚህ ይደርሳል። እነዚያ አገሮች ከባሕር የራቁ፣ አፈራቸው አዮዲን ያጠረው ናቸው፤ እንቅርት የተለመደ ነበር። አዮዲን የተራበ ዕጢ ያገኘውን ሁሉ ይስባል፤ ደህነኛውን ከመርዘኛው አይለይም። መንደርተኛው የራሱን ላም ያልባል፤ ወተቱ በመንግሥት መደብር በኩል ስለማያልፍ የሚቆጣጠረው የለም። መመሪያው ከቢሮ ወደ ቢሮ ተሻግሮ መንደር ሲደርስ አዮዲኑ ቀድሞ ደርሷል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ!

በ1984 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የቤላሩስ ሐኪሞች «ኔቸር» በተባለው የሳይንስ መጽሔት ስለ ልጆች የታይሮይድ ካንሰር ሲጽፉ ብዙ የምዕራብ አገር ሊቃውንት ተጠራጥረዋቸው ነበር፤ ካንሰሩ በዚህ ፍጥነት አይመጣም ብለው። መጣ። የተባበሩት መንግሥታት የጨረር ሳይንስ ኮሚቴ በ2010 ዓ.ም. ባወጣው ግምገማ በአደጋው ጊዜ ከ18 ዓመት በታች በነበሩት ላይ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ድረስ ወደ 19,000 የሚጠጋ የታይሮይድ ካንሰር ተመዝግቧል፤ ከዚህም ሩብ ያህሉ በጨረሩ የመጣ ነው ተብሎ ይገመታል። በሽታው በአብዛኛው የሚድን ስለሆነ የሞተው ጥቂት ነው። ስለ ቼርኖቢል መቶ ሺህዎች አለቁ የሚል ወሬ ስለሚናፈስ ይህን መናገር ተገቢ ይመስለኛል። የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ጨምሮ በጨረር ሕመም በዚያው ዓመት የሞቱት 28 ናቸው። ግን የዳነውም ልጅ ቢሆን አንገቱ ላይ የቢላ ጠባሳ፣ በእጁ ዕድሜ ልኩን የሚውጠው ክኒን ይዞ ነው የሚኖረው። ለምን? ለሦስት ሳምንት ወተት አትጠጣ የሚለው ስላጣ።

ሲዚየም ሌላ ጠባይ አለው። ግማሽ ዕድሜው 30 ዓመት ነው፤ አይቸኩልም። የሚያወርደው ዝናብ ነው። ደመናው ሲያልፍ ብራ ከሆነ ጥቂት ይወርዳል፤ ዝናብ ካገኘው ግን ታጥቦ ይዘረገፋል። ከጣቢያው 200 ኪሎ ሜትር ርቀው ያሉ የቤላሩስና የሩሲያ ወረዳዎች አጠገባቸው ካሉት ይልቅ የተጎዱት በዚያ ሳምንት ስለዘነበባቸው ነው። ካርታው የነብር ቆዳ ይመስላል።

የኛን ደጋ ያስታወሰኝ የእንግሊዝ ታሪክ ነው። በፋሲካ ዋዜማ ግድም ደመናው በዌልስና በሰሜን እንግሊዝ ተራሮች ላይ ሲያልፍ ከባድ ዝናብ ያዘው። የዚያ ደጋ አፈር ጭቃው ጥቂት፣ ብስባሹ ብዙ ነው። ጭቃ ሲዚየምን ጠፍንጎ ይይዘዋል፤ ብስባሽ አፈር ግን ይለቀዋል፤ ሣሩም ፖታሲየም መስሎት በሥሩ ይስበዋል። በጉ ሣሩን ይበላል፤ ፋንድያው ወደ አፈሩ ይመልሰዋል፤ አፈሩም ለከርሞው ሣር። ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ ላይ ነገሩ በሳምንታት ያልፋል ብለው ነበር። አራት ሚሊዮን የሚያህሉ በጎች በእገዳው ውስጥ ገቡ፤ የመጨረሻው እገዳ የተነሣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ 26 ዓመት! እረኛው በጉን ወደ ገበያ ከመንዳቱ በፊት ሰው በመለኪያ መጥቶ ይፈትሽለታል፤ ያላለፈችው በቀለም ምልክት ይደረግባታል። ይህን ለአቀስታ ሰው ስተርክለት ስለ ጨረሩ አይደለም የጠየቀኝ። «ታዲያ 26 ዓመት ምን በሉ?» ነው ያለኝ። ካሳ ይከፈላቸው እንደነበር ስነግረው ዝም አለ።

ሪአክተር ሁሉ ቼርኖቢል አይደለም። መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. በአሜሪካ ስሪ ማይል አይላንድ በተባለው ጣቢያ ግማሽ ያህሉ የማገዶ ልብ ቀልጧል፤ ነገር ግን ቼርኖቢል ያልነበረው ወፍራም የኮንክሪትና የብረት ቤት ከላዩ ነበረበትና አዮዲኑ እዚያው ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ቀረ። ያመለጠው በአብዛኛው ሽታው ነው፤ ዜኖኑና ክሪፕተኑ።

ጃፓንን ግን ዝም ብዬ ላልፋት አልችልም። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ከምድር መንቀጥቀጡና ከሱናሚው በኋላ በፉኩሺማ ሦስት ሪአክተሮች ቀለጡ። የወጣው አዮዲን ከቼርኖቢሉ አንድ አሥረኛ ግድም ነው፤ አብዛኛውንም ነፋስ ወደ ውቅያኖስ ወሰደው። መጋቢት 6 ቀን ግን ነፋሱ ወደ ሰሜን ምዕራብ ዞረ፤ ዝናብና በረዶም ወረደ። የናሚዬ ከተማ ሰዎች ከጣቢያው ሸሽተው ያረፉት ጹሺማ በተባለ ተራራማ ስፍራ፣ ልክ በዚያው አቅጣጫ ነበር። የመንግሥት ኮምፒዩተር ደመናው ወዴት እንደሚሄድ ሲያሰላ ሰንብቷል፤ ስሌቱን ግን ለከንቲባው የሰጠው የለም። ልጆቻቸው ሜዳ ላይ ይጫወቱ ነበር። ወተቱና አትክልቱ ግን ቶሎ ታግዷል፤ የጃፓን ሰው ደግሞ ከባሕር በሚያወጣው ምግብ አዮዲን ጠግቦ የሚኖር ነው። የቼርኖቢሉ ዓይነት የልጆች ዕጣ እዚያ አልተደገመም የሚሉት ሊቃውንት እነዚህን ሁለት ነገሮች አብረው ያነሣሉ።

ይህን ሁሉ ዛሬ ለምን አነሣሁት? መስከረም 2018 ዓ.ም. ላይ ኢትዮጵያና ሩሲያ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራርመዋል። እኔ ከተቃዋሚዎቹ ወገን አይደለሁም፤ መብራት ለማግኘት ሻማ እየገዛ ላደገ ሰው ኃይል ማመንጫን መጥላት ያስቸግረዋል። ዛሬ የሚገነቡት የሩሲያ ሪአክተሮችም ያ የሚጠብቅ ቤት አላቸው። የኔ ጥያቄ ስለ ኮንክሪቱ አይደለም። ነፋሱ ወዴት እንደነፈሰ በዚያው ሌሊት ለገበሬው የሚነግረው ማነው? የላሟን ወተት ደፍቶ ልጁን ምን እንዲያበላ ነው የሚነገረው? እንስራውስ ሞልቷል ወይ? የሰሜኑ ጦርነት በ1990 ዓ.ም. ሲነሣ ከአሰብ ይመጣ የነበረው ጨው ቆሞ ፊታችንን ወደ አፍዴራ አዞርን፤ ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያዝ ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ደንቡ አለ። ገበያ ላይ በጆንያ የሚዘረገፈውን ጨው ግን እናንተም አይታችሁታል።

ባለፈው ዓመት አቀስታ ሄጄ ጋሼን ጠየቅኋቸው። ስድሳን አልፈዋል። ሐኪም አንገታቸውን መርምሮ ደህና ነህ ብሏቸዋል፤ ያኔ ለአካለ መጠን የደረሱ ስለነበሩም አደጋው ከልጆቹ ያነሰ ነበር። አብረን እስከ ሱቅ ወረድን። ባለሱቁ የጨው ከረጢት ሲያቀብላቸው መነጽራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ከረጢቱን አገላብጠው ጽሑፉን ማንበብ ጀመሩ። ባለሱቁ ለምዶታል መሰል ፈገግ ብሎ ጠበቃቸው።

«ይኸው፣ አዮዲን አለበት ይላል» አሉና ከረጢቱን ወደ እኔ አዞሩት። «ብሎስ ነበር። እስቲ አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው፣ መቼ እንደታሸገ አንብቢልኝ።»

ቀኑ ተፍቆ ነበር።